የከሰዓቱ ቦታ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ እትዬ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? ጋሼስ፣ ባለቤትሽ፣ ደህና ናቸው? ሱቁስ? ሲሚንቶ ተወደደ፣ ሚስማር ጠፋ እያሉ እየተማረሩ እንደሚሸጡ እርግጠኛ ነኝ፤ የእሳቸው የጤንነት ምልክት ያ ነው። እማማስ፣ አማትሽ፣ ጉልበታቸው በረታላቸው? ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን አለፈ ሲሉ ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል፤ አድጌያለሁ ብሎ ፊቱን ቢያዞርም ጉንጩን ሳሚልኝ። ትንሿስ? ትንሿን መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት ከሁሉ አንሳብኝ አይደለም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ልጄ ጌታው አድጓል፣ ሱሪው ሁሉ አጥሮበታል። እኔ ደግሞ ከስቻለሁ፤ አንቺ እንኳ ቆንጆ ሆንሽ በዪኝ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። በልጅሽ ስልክ ብሞክር እማዬ ልብስ እያጠበች ነው ይለኛል። ጠዋትም እያጠበች፣ ማታም እያጠበች። በዚህ ቤተሰብ ልብስ በማጠብ የምተዳደረው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ጻፍኩ። ይህን የሚያደርስልሽ ባለቤቴ ነው። በከባድ መኪናው ጭነቱን ይዞ በእናንተ ከተማ ያልፋል፤ አራግፎ ሲመለስም ዓርብ ከሰዓት በበራችሁ ያልፋል። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ምን እንደጻፍኩ አላነበበም፣ አንቺንም ምንም አይጠይቅሽም። እኔ ግን እስከ ዓርብ መልስ የምፈልግበት አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ዓርብ ካለፈ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። እዚያ እስክደርስ ታገሺኝ። ደግሞ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ እማማ አጠገብሽ ቁጭ ብለው ማነው የጻፈው፣ ምን አለ በሚሉበት ሰዓት አይሁን።

መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን ልተንፍስ፤ አለዚያ የቀረውን መጻፍ አልችልም። ለጋሼ እህት ሰርግ የጠራሽኝ ጊዜ ጌታውን ለጎረቤት ትቼ እንድመጣ ነገርሽኝ። ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ይረብሸዋል አልሽ። እውነት ነው፣ ይረብሸዋል። ያልሽው ግን ለእሱ አዝነሽ አልነበረም። የባልሽ ዘመዶች አይተው ይህ ነገር ከየትኛው ወገን የመጣ ነው እንዳይሉ ፈርተሽ ነው። ሁላችንንም እንደ አሽከር ስለሚያዝዘን ጌታው ብለሽ ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ስም ያወጣሽለትን ልጅ በሰርጉ ቀን እንደሌለ አደረግሽው። እኔም እሺ ብዬ ብቻዬን መጣሁ። ጨፈርኩ፣ ሳቅኩ፣ ልጅሽስ ብለው ለጠየቁኝ ጉንፋን ይዞታል አልኩ። ያንን ጉንፋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ ስሰናበትሽ በር ላይ የነገርኩሽን አልደግመውም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ትንሿ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ የድስት ክዳን ስታሽከረክር አረፈደች። ስሟን ስጠራት ቀና አላለችም፤ ጎረቤት የከረሜላ ላስቲክ ሲያንኮሻኩሽ ግን ሰማች። ውሃ ሲጠማት መጥታ የእጄን አንጓ ያዘችና ቧንቧው ላይ አሳረፈችው፤ ፊቴን ግን አላየችም፣ እኔ የቧንቧው መክፈቻ ነበርኩ። እማማ በበኩላቸው እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ የት ይገኛል፣ አታለቅስ፣ አታስቸግር፣ ካስቀመጧት አትነሳ እያሉ ይመርቋታል። ይህንን ነው የነገርኩሽ። አንቺም የራስሽን ለቅሶ ወደ ቤቴ አታምጪ አልሽኝ። ተቀይሜሻለሁ እትዬ፣ አልዋሽሽም። ቅያሜዬ ግን ለያዝኩት ጉዳይ አይረዳኝምና እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ስሙን እንጂ ውስጡን አታውቂውም፤ እንድታዪው ስለምንሽ ጊዜ የለኝም ስትዪ ከረምሽ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተጠራርተን የተከራየነው ቤት ነው። አሮጌ ነው፣ ጣራው ዝናብ ሲመታው ይንኳኳል፣ መጸዳጃው አንድ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ በልጅ ቁመት ልክ ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ የመጸዳጃው በር፣ ኩባያ፣ ዳቦ፣ ጫማ፣ የግቢው በር። መናገር የማይችል ልጅ የፈለገውን ነቅሎ ይሰጥሻል፣ አንቺም የሰጠሽን ታደርጊለታለሽ። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ጌታው መጀመሪያ የሰጠኝ ኩባያዋን ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያለቅስ ይርበው፣ ይመመው፣ ይሙቀው እየገመትኩ ነበር የኖርኩት። ውሃውን ቀድቼ ሰጠሁትና ልብስ ማስጫው ጋ ሄጄ አለቀስኩ።

ከክፍሎቹ በአንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ፍራሽ አለ። ጨርቁ የተበጫጨቀ፣ ቀለሙ የጠፋ፣ በጆንያ መጋረጃ የተከለለ። ነገር የበዛበት ልጅ እዚያ ገብቶ ይጋደማል፤ እስኪወጣ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያባብለውም። እንደ ሰው ዓይን ካየሽው ቆሻሻ ነው፤ ለልጆቹ ግን ከቤቱ ሁሉ የተወደደው ቦታ እሱ ነው።

ይህ ቤት ከመኖሩ በፊት እንዴት እንደኖርን ታውቂያለሽ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። እኔ ሆቴሉ ልብስ እጥበት ክፍል የምገባው ጌታውን ቆልፌበት ነበር። የአንሶላ ክምር እየተኮስኩ በሐሳቤ የበሩን ቁልፍ አየዋለሁ። ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ያመጣው ያ የተቆለፈ ክፍል ነው። ቤቱ ከተዘጋ የሚጠብቀን ያው ቁልፍ ነው፤ ወይ ደግሞ ሥራዬን ትቼ የባለቤቴን እጅ ብቻ ማየት።

ሊዘጋም ነበር። ፈቃድ የለንም። ፈቃድ ያልጠየቅን እንዳይመስልሽ፤ ጫማችን እስኪያልቅ ጠይቀናል። ትምህርት ቢሮ ሄድን፤ በትሕትና ወንበር ሰጡንና ትምህርት ቤት ለመባል ይህን ያህል ሜዳ፣ ይህን ያህል ዲግሪ ያለው መምህር ያስፈልጋል፤ ደግሞስ ልጆቹ ሕመምተኞች አይደሉም ወይ፣ ጤና ቢሮ ሂዱ አሉን። ጤና ቢሮም በትሕትና ወንበር ሰጡንና ሐኪም የታለ፣ አልጋ የታለ፣ ልጆቹ የሚማሩ ከሆነ ትምህርት ቢሮ ሂዱ አሉን። ኳስ ብንሆን ይህን ያህል አንለጋም ነበር። በዚህ መሃል ጎረቤቶች ጩኸት በዛብን ብለው ከሰሱ፤ አከራያችንም ቤቱን ለሌላ ማከራየት ፈልገው ኖሮ ክሱ ላይ ፈረሙ። በመጨረሻ ፈቃድ ከሚሰጠው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው ቤቱን እንዲያዩ፣ ካልተስማማቸውም እንዲያሽጉት ተወሰነ።

እንግዳ ይመጣል ሲባል የኛ ሰው ምን ያደርጋል? ቤት ያጸዳል። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ከኛ ጋር ይውላል። ሥርዓት ይወዳሉ፤ ወረቀት እንኳ ሲያጥፉ ጫፍ ከጫፍ ካልገጠመ ይፈቱታል። እሳቸው መሩን፣ እኛ እናቶች ደግሞ ታውቂናለሽ፣ ለማጽዳት ጠሪ አንፈልግም። ፎቶዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ታኝኳል፣ ያሳፍራሉ ተባለና ተነቅለው መሳቢያ ገቡ። ኮሪደሩ ነጭ ቀለም ተቀባ። ፍራሹና የጆንያው መጋረጃ ዕቃ ቤት ተወረወሩ። የጫማ መደርደሪያው በነበረበት ቦታ የላስቲክ አበባ የያዘ ትልቅ ማስቀመጫ ቆመ። እኔ ከሆቴሉ የጠረጴዛ ልብስ ተውሼ አመጣሁ፣ ተኩሼ አነጠፍኩት፤ ስንቱን አንሶላ የተኮሰ እጄ ያን ቀን ለራሴ ሠራ ብዬ ኮራሁ። አንዷ እናት ሽቶ ረጨች። ለልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አዲስ ካናቴራ ተገዛላቸው። ስንጨርስ በሩ ላይ ቆመን ቤታችንን አየነውና እርስ በርስ ተሞጋገስን።

አንዳችንም ልጆቹስ አላልንም። ሳህን ቦታው ሲቀየር ምግብ የሚተዉ ልጆች የወለድን ሴቶች፣ ያን ቀን ያሰብነው ስለ እንግዳ ዓይን ብቻ ነበር።

ጠዋት ጌታው እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መደርደሪያ የለም። ጫማውን ይዞ አበባው ፊት ቆመ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ገባ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ ተመልሶ ደግሞ ዳሰሰው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና እጁ ነጭ ሆነ። ምን እየፈለገ እንደሆነ ሲገባኝ ዘግይቼ ነበር። የመጸዳጃውን ፎቶ ነው። ሱሪው ረጥቧል። ከዚያ ግንባሩን ግድግዳው ላይ መምታት ጀመረ።

የመኪና በር ሲዘጋ የሰማነው በዚያች ሰዓት ነው።

አንዱ ሲጮህ ሌላው ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅሟ የምንላት ልጅ አዲሱ ካናቴራ አንገቷን ሲበላት በጥርሷ ትዘለዝለዋለች። አንዱ ፍራሹ በነበረበት ባዶ ጥግ ተጠቅልሎ ወለሉን ይቧጥጣል። ሽቶው ሁሉንም ያስነጥሳቸዋል። ከጽሕፈት ቤቱ የመጡት ኃላፊ መነጽር ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ከበሩ አልፈው አልገቡም፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ከኋላቸው ፎቶ የሚያነሳ ወጣት አለ። ከእሱም ኋላ አከራያችን፣ አላልኳችሁም የሚል ፊት ይዘው። ኃላፊዋ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጌታውን ዕቃ ቤት ይዤው እንድገባ ነገሩኝ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው፣ ጨዋ ጨዋዎቹን እናሳያቸው፣ ለቤቱ ብለሽ ነው አሉኝ። እኔም እንዲተርፍ የምፈልገው ቤቱን ነው። ልጄን በብብቱ አንጠልጥዬ ገባሁ። በሩን ከውጭ በመወርወሪያው ዘጉት።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ፍራሹ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጌታው በጠረኑ አወቀው መሰለኝ፣ ከእጄ አምልጦ በፍራሹና በግድግዳው መሃል ገባና እዚያው ተወሸቀ። ትንፋሹ እየረገበ ሲሄድ ይሰማኛል። ከውጭ ደግሞ ሊቀመንበሩን እሰማለሁ፤ የሚያስቸግሩት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹ ጨዋ ናቸው ይላሉ። የልጅ ልጃቸውን እየጠቆሙ መሆን አለበት። ያ ልጅ አይጮህም፣ አይሮጥም፣ ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ጣቶቹን ዓይኑ ፊት እያንቀሳቀሰ ይውላል። አያቱ ራሳቸው እንደነገሩኝ ለስንት ዘመን ጨዋ ነው እየተባለ ሲመረቅ ኖሮ፣ ቤቱ የመጣው ከሁሉም ልጆች ዘግይቶ ነው። እዚህም ቢሆን ሞግዚቶቹ የሚሮጡት ወደሚጮኸው ነው። የሚጮኸውን ቢያንስ ሰው ያየዋል እትዬ። ዝም የሚለው ነው የሚያስፈራኝ።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ የጋሼ እህት ሰርግ ትዝ አለኝ። ልጄ ጉንፋን ይዞታል ብዬ የጨፈርኩት። ይህን ቤት የከፈትነው ልጆቻችን ከተቆለፈ በር ኋላ እንዲወጡ ነበር፤ ይኸው አሁን ቤቱን ለማትረፍ ብዬ ልጄን ይዤ ከተቆለፈ በር ኋላ ተቀምጫለሁ። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ቤቱ ይዘጋ እንደሆነ ይዘጋ አልኩ። እውነቴን ነው ያልኩት፤ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ እያወቅኩ፣ እየፈራሁ ነው ያልኩት።

በሩን በቡጢ ደበደብኩት። ከሞግዚቶቹ አንዷ ስትከፍትልኝ ፍራሹን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ፤ ጌታው ጫፉን ይዞ ይከተለኛል። በእንግዶቹ መሃል አለፍኩ። አከራያችን ለልብሳቸው ሰግተው ዘወር አሉ፣ የአበባው ማስቀመጫ ተገፍቶ ወደቀ፣ እኔም አላነሳሁትም። ሊቀመንበሩ ምነው ልጄ አሉኝ። ፍራሹን ጥጉ ላይ ጣልኩት፣ መጋረጃውን ሰቀልኩት፣ ጌታው ገባ። የረጅሟ እናት አየችኝና መቀስ አምጥታ የልጇን ካናቴራ ቀደደችው፣ አሮጌ ሹራቧን አለበሰቻት። ሌላዋ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። ሞግዚቷ መሳቢያውን ጎትታ ፎቶዎቹን ወደየቦታቸው መለጠፍ ጀመረች፤ ላልደረቀ ቀለም ሙጫም አላስፈለገው። ማንም ማንንም አላዘዘም። ያጸዳነውን ቤት መልሰን አቆሸሽነው።

እንግዶቹ በዚያች ደቂቃ ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ በሩ ታሽጎ ነበር። ያመጣቸው መኪና ግን ሌላ ሰው ሊያደርስ ሄዷል፤ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባቸው። ኃላፊዋ በመጨረሻ ደክሟቸው ኮሪደሩ ውስጥ አንድ የልጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ወዲያው ጸጥ አለ ብዬ ተረት አልነግርሽም። ብዙ ጊዜ ፈጀ። አንድ ልጅ እስከ መጨረሻውም አልተረጋጋም፣ እናቱ ወደ ቤት ወሰደችው። የቀሩት ግን አንድ በአንድ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ጌታውም ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። ወደ ግድግዳው ሄዶ ኩባያዋን ነቀለና አጠገቡ ለነበረው እጅ ሰጠ። እጁ የኃላፊዋ ነበር። ፊታቸውን ቀና ብሎ አላየም። እሳቸው ፎቶውን አገላብጠው አዩት፣ እኛን አዩን። ከዚያ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ተነሱና ውሃ ቀድተው ሰጡት።

ሊሄዱ ሲሉ በየትኛው መደብ ልጻፋችሁ ብለው ጠየቁን። የኛን ዓይነት የሚጽፉበት ቦታ ቅጻቸው ላይ የለም፤ እዚህ ብቻ ሳይሆን እሳቸው በሚያውቋቸው ከተሞች ሁሉ የለም አሉ። ለጊዜው ብለው ከዳር ጽፈው የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጡን። ሁለት ነገር ግን አስገደዱን። መጸዳጃው አንድ በመሆኑ ልጆቹ ባንድ ጊዜ ሁሉም እንዳይገቡ፣ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት እንዲሆን። ሁለተኛው የዕቃ ቤቱ መወርወሪያ እንዲነቀል። ማየታቸውን አላወቅንም ነበር። ሊቀመንበሩ መፍቻ ይዘው ራሳቸው ነቀሉት፤ ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኔም ሻይ እቀዳላቸዋለሁ።

እንግዲህ ተርፈናል፣ ግን በግማሽ። ጌታው የሚውለው ጠዋት ብቻ ሆኗል። እኔ ወደ ማታው ፈረቃ ተዛውሬያለሁ፤ ባለቤቴ መንገድ ላይ ሲሆን ጎረቤቴ ታድርለታለች። እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙዎቻችን ጠዋትን ስለመረጥን የከሰዓቱ ክፍል ጥቂት ቦታ ተርፎታል። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ልጅ የያዙ እናቶች በራችን ላይ ይቆማሉ። አንዳንዷ ከሌላ ከተማ አድራ የመጣች ናት። ልጄ አይናገርም እንዳትል ታፍራለች፣ እንዲሁ ዝም ብዬ ሳልፍ አይቼው ነው ትላለች። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ እኔም ሳልፍ አይቼው ነው ብዬ ነበር የገባሁት።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ወደ ቤቱ ስልክ የምትደውል አንዲት ሴት አለች። ሞግዚቷ ነች የነገረችኝ። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ስለ ጎረቤቷ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ልጅ አላት፣ በእግሯ ጣት ትሄዳለች፣ ስትጠራ አትሰማም፣ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል ወይ ትላለች። ከኋላዋ ሰው ድምፅ ሲያሰማ ሹክ ማለት ትጀምራለች። ጎረቤቴ አማት አለቻት፣ ወደ ሰው ፊት ይዛት መውጣት አትችልም ትላለች። ስምሽን ማን ልበል ስትባል ትዘጋዋለች። ባለፈው ግን ከመዝጋቷ በፊት ያ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሞግዚቷ ቤታችንን ያልረገጠች ሴት ጠባሳውን ከየት አወቀችው ብላ ሲገርማት ሰነበተ። እኔ አልገረመኝም። ምንም አላልኳትም። ያን ቀን ግን ቅያሜዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብቻ አንሶላ እየተኮስኩ ሳለቅስ አለቃዬ እንፋሎቱ ነው ወይ አለኝ።

ጉዳዬ እንግዲህ ይህ ነው። ምናልባት ያቺ ሴት ወደ እናንተ ሰፈር ትሆናለች። ካገኘሻት ይህን ንገሪልኝ። ለጎረቤቷ ልጅ የከሰዓቱን አንድ ቦታ ይዤላታለሁ። ልጅቷ ትንሽ ናት፤ በዚህ ዕድሜ የጀመረ ልጅ ጌታው ሲያድግ የተማረውን ቶሎ ይይዛል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ድናለች ተብላ አትመለስም፣ እንዲህ ብዬ አላታልላትም፤ ግን ሲጠማት ጠማኝ ማለት ትችላለች። ማደሪያ ካሳሰባት እኔ ቤት አልጋ አለ፤ እኔ ማታ ሥራ ነኝ፣ እናትም ልጅም እንደ ልባቸው ይተኙበታል። ለባሏ ቤት ምክንያት ካስፈለጋት ወገቧን ልትታይ ሄደች ይባላል፤ ውሸትም አይደለም። ከየትኛው ወገን የመጣ ነው ብሎ የሚጠይቅ ከተነሳ ደግሞ ከእህቷ ወገን ነው ትበል። እኔ እሸከመዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

ሊቀመንበሩ ቦታውን ባዶውን አላቆየውም ብለዋል። በር ላይ የቆሙትን እያዩ ቆይ ማለት ከብዷቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። እስከ ዓርብ ማታ ስም አምጪ አሉኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። ግን አልሰጠኋቸውም። ስሟን የምትናገረው እናቷ ናት አልኳቸው፤ እኔ በሷ ፋንታ አንዴ በር ላይ ተናግሬ ምን እንዳተረፍኩ አይቻለሁ።

በይ እትዬ፣ ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ጋሼን ያበርታልሽ፣ ለእማማም ዕድሜ ይስጥልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ዝም የሚለውንም የሚጮኸውንም። ባለቤቴ ዓርብ ከሰዓት በራችሁ ላይ ይቆማል። የፊቱን ወንበር ባዶ አድርጎ፣ ብርድ ልብስ አንጥፎ ነው የሚመጣው። አያንኳኳም፣ እስክትወጪ ይጠብቃል። ትንሿ ጆሮዋን ስለምትይዝ ጥሩምባ እንዳይነፋም ነግሬዋለሁ።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣
የጌታው እናት